ፖለን ልትገዙ ነው? ትኩሱ፣ ደረቁ፣ የቦካው፣ የተፈጨው ወይስ ካፕሱሉ

ማር ከነእንጀራው የበላ ሰው ፖለንን፣ ማለትም ንብ የምትሰበስበውን የአበባ ዱቄት፣ ሳያውቀው ቀምሶታል። ወለላ መስሏችሁ ስትነክሱት አንድ ቢጫ፣ ፍርፍር የሚል፣ ኮምጠጥ ያለ ነገር አፋችሁ ውስጥ ይገባል። እኛ ልጅ ሆነን እንተፋው ነበር። አያቴ ደግሞ "ምን ያስተፋሃል፣ የንቧ እህል እኮ ነው" ይሉ ነበር። ዛሬ ያ የተፋነው ነገር በጠርሙስ ታሽጎ ሱቅ ውስጥ ተደርድሯል። ዋጋውን ባየሁ ቁጥር አያቴ ትዝ ይሉኛል።

ግራ የሚያጋባው አቀራረቡ ነው። አንዱ ሻጭ ጋ ፖለኑ ፍሪዘር ውስጥ ነው። ሌላው ጋ እንደ ቆሎ ደርቆ በላስቲክ ተቋጥሯል። ሦስተኛው ከማር ጋር ለውሶታል። ከውጭ የሚመጣው ደግሞ በካፕሱል ነው። ሁሉም ላይ የተጻፈው ግን ያው ነው፤ ፕሮቲን፣ ቫይታሚን፣ ማዕድን፣ ኃይል። የአክስቴ ልጅ ባለፈው ደውላ "የቱን ልግዛ?" ስትለኝ በስልክ መመለስ አቃተኝ። ለእሷ ብዬ የጀመርኩትን ነው እዚህ ያሰፋሁት። የምርት ስም አልጠራም። ቢጠራም ብዙ አይጠቅምም፤ ፖለን ላይ ከአሻጊው ይልቅ የሚወስነው አበባው ነው።

## የምንገዛው ምንድን ነው?

ንብ አበባ ላይ ስታርፍ የአበባው ዱቄት ጸጉሯ ላይ ይጣበቃል። እሷም ጠርጋ ትሰበስበውና ከአበባ በቀሰመችው ጣፋጭ ፈሳሽና በምራቋ ለውሳ ታድቦለብለዋለች። ከዚያ የኋላ እግሮቿ ላይ ግራና ቀኝ አንዳንድ ፍሬ ጭና ወደ ቀፎዋ ትመለሳለች። ንብ አናቢው በበኩሉ የቀፎው በር ላይ ወጥመድ ያስቀምጣል። የወጥመዱ ቀዳዳዎች 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው። ንቧ ተሸማቅቃ ትገባለች፤ ጭነቷ ግን ተላቆ ከታች ባለው መሳቢያ ውስጥ ይወድቃል።

አንዱ ፍሬ ቢመዝን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ነው። እስቲ አስሉት። 10 ግራም የምትይዝ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውስጥ ከ1,000 እስከ 2,000 ፍሬ አለ። በአንድ ጉዞ ሁለት ፍሬ ነው የምትሸከመው። ስለዚህ ማንኪያዋ ከ500 እስከ 1,000 የንብ ምልልስ ይዛለች። ውድ ቢሆን አይፈረድበትም።

## ውስጡ ያለው፣ በማንኪያ ሲለካ

በየአገሩ የተመረመሩ ፖለኖች ሲጠቃለሉ፣ ከ100 ግራም ደረቅ ፖለን ውስጥ ፕሮቲን ከ10 እስከ 40 ግራም ይገኛል። ካርቦሃይድሬት ከ13 እስከ 55 ግራም ነው፤ አብዛኛው ፍሩክቶስና ግሉኮስ፣ ማለትም ከአበባው ፈሳሽ የመጣ ስኳር ነው። ቅባት ከ1 እስከ 13 ግራም ይሆናል። ቀሪው ፋይበር፣ ማዕድን፣ ቫይታሚንና ለፖለኑ ቀለምና ምሬት የሚሰጡ ውሁዶች ናቸው።

"ከ10 እስከ 40" የሚለው ላይ ትንሽ ቆም በሉ። የአራት እጥፍ ልዩነት እኮ ነው። ስንዴ ስትገዙ እንዲህ ያለ ነገር አይገጥማችሁም። ምክንያቱ አበባው ነው። የፈረንጅ ሱፍና የበቆሎ ፖለን ፕሮቲን 15 በመቶ አካባቢ ነው። የባቄላ ፖለን፣ እንዲሁም የጎመንዘር ዘመድ የሆነው የካኖላ ፖለን ከ22 እስከ 24 በመቶ ይደርሳል። ኤኪየም የሚባል ሐምራዊ አበባ ያለው አረም ደግሞ 33 በመቶ ገደማ ይሰጣል። "እንግዲያው የኤኪየሙን ስጠኝ" እንዳትሉ ግን። ይኸው ተክል ጉበት የሚጎዱ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባሉ ኬሚካሎች አሉት፤ ፖለኑም ውስጥ ይገኛሉ። የአውሮፓ ኅብረት ለዚህ ሲባል በፖለን ላይ ገደብ አስቀምጧል፤ በኪሎ ከ500 ማይክሮ ግራም በላይ አይፈቀድም። ፕሮቲኑ የበዛው ሁሉ የተሻለው ነው ማለት አይደለም።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ፣ መስከረም ላይ ደጋው በአደይ አበባና በኑግ ቢጫ ሲሆን ንቦቹ የሚያመጡት ፖለንም ወርቅ ይመስላል። ሁለቱም ከፈረንጅ ሱፍ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸው። ወርቃማው ቀለም በዋናነት ካሮቲኖይድ ነው፤ ካሮት ውስጥ ያለው ዓይነት። ስለ ፕሮቲኑ ቀለሙ ምንም አይነግራችሁም። የባቄላ ፖለን ግራጫ ነው፤ ሲያዩት አያምርም። ፕሮቲኑ ግን የፈረንጅ ሱፉን ያስከነዳል።

ንብ በአንድ ጉዞ አንድ ዓይነት አበባ ላይ ትጸናለች። ስለዚህ እያንዳንዱ ፍሬ የራሱ ቀለም አለው። ጠርሙሱ ውስጥ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ ግራጫና ቡናማ ተቀላቅሎ ካያችሁ ብዙ አበባ አለበት ማለት ነው። ይኼ ጥሩ ነው። ፖለን ሰውነታችን ራሱ የማይሠራቸውን አሚኖ አሲዶች በሙሉ ይይዛል፤ ግን መጠናቸው ከአበባ አበባ ይለያያል። የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላዋል።

አሁን ማስታወቂያው የማይነግራችሁን ሒሳብ እንሥራ። መለኪያችን ያቺው 10 ግራም ማንኪያ ናት።

ፕሮቲን፦ በአማካይ 22 በመቶ ብንል 2 ግራም ትንሽ ከፍ ይላል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው።

ብረት፦ በኪሎ ከ11 እስከ 170 ሚሊ ግራም ይገኛል። በማንኪያ ሲሆን ከ0.1 እስከ 1.7 ሚሊ ግራም ነው። በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ትፈልጋለች።

ዚንክ፦ በማንኪያ ከ0.3 እስከ 2.5 ሚሊ ግራም። ለአንድ ወንድ የቀኑ ፍላጎት 11 ነው። ጥሩ ፖለን ከሆነ እዚህ ላይ ቁም ነገር አለው።

ቫይታሚን ሲ፦ ከ0.7 እስከ 5.6 ሚሊ ግራም። ግማሽ ብርቱካን ይበልጠዋል።

ቢ12ን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፤ ጾመኞች አዘውትረው ይጠይቁታልና። ዕፅዋት ቢ12 አይሠሩም። ፖለን ደግሞ የአበባ ዱቄት ነው። "ሥጋን ይተካል" የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ ለሁዳዴ ቢ12 ብላችሁ ፖለን አትግዙ።

ታዲያ ምን ይቀራል? እንደ ሩቲንና ኩዌርሴቲን ያሉ፣ ፊኖሊክ የሚባሉ የዕፅዋት ውሁዶች አሉ፤ በአማካይ የፖለኑን 1.6 በመቶ ያህል ይሆናሉ። ሊኖሌይክና አልፋ ሊኖሌኒክ የተባሉት ጠቃሚ ቅባቶችም አሉበት። ትንሽ ትንሽ የብዙ ነገር ስብስብ ነው። እኔ የማየው እንደ ቅመም ነው። በርበሬም ቫይታሚን ኤ አለው፤ ግን ለቫይታሚኑ ብለን በርበሬ በጭልፋ አንበላም።

## ጠንካራው ቅርፊት

ሌላ የማይወራ ጉዳይ አለ። እያንዳንዷ የአበባ ዱቄት ቅንጣት ስፖሮፖለኒን በሚባል ቅርፊት ተሸፍናለች። ጥንካሬው ጉድ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ካለው ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ጭቃ ውስጥ ከአሥር ሺህ ዓመት በላይ የቆየ የአበባ ዱቄት ወጥቶ፣ ተመራማሪዎች የጥንቱን ዕፅዋት በእሱ ለይተዋል። ያንን ሁሉ ዘመን የቻለ ቅርፊት በእኛ ሆድ ውስጥ በጥቂት ሰዓት አይሟሟም። ውስጡ ያለው ምግብ በቅርፊቱ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች በከፊል ይወጣል፤ የተወሰነው ግን እንደገባ ይወጣል። ስለዚህ ላቦራቶሪ የለካው ፕሮቲንና እኛ የምናገኘው ፕሮቲን እኩል አይደሉም። መፍጨት፣ መዘፍዘፍና ማቡካት የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው።

## በምን እንመዝናቸው?

አምስት ጥያቄ ይበቃኛል። ውሃው ስንት ነው፣ ማለትም ሳይሻግት ይቆያል ወይ? አዘገጃጀቱ ቫይታሚኑንና ቀለሙን ምን ያህል አቆይቶለታል? ሆድ ይፈጨዋል? የምገዛውን በዓይኔ አያለሁ? የከፈልኩት ብር ለፖለን ነው ወይስ ለውሃ፣ ለማርና ለጠርሙስ? ከሁሉም በላይ ለእኔ አራተኛው ይበልጣል። ያላዩትን ፖለን መግዛት ያልቀመሱትን ማር እንደመግዛት ነው።

## ትኩስ ፖለን

ከወጥመዱ እንደወጣ ያለው ነው። ለስላሳ ነው፣ ሽታው የአበባ ነው፣ ጣዕሙም ከሁሉ ይበልጣል። ሙቀት ስላልነካው ቫይታሚኑም ካሮቲኖይዱም አልተነካም። በምግብነት ደረጃ አንደኛ ነው ብል አላጋነንኩም።

ጣጣው ውሃው ነው። ከ20 እስከ 30 በመቶ ውሃ ይይዛል። ፕሮቲን፣ ስኳርና ውሃ አንድ ላይ ሲገናኙ ሻጋታ ወዲያው ይጋበዛል። በክፍል ሙቀት አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ ነው። ስለዚህ በተሰበሰበ ዕለት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ውስጥ መግባትና እስክትበሉት እዚያው መቆየት አለበት። መቀዝቀዙ የነፍሳት እንቁላል ካለም ይገድላል።

እንግዲህ ራሳችሁን ጠይቁ። ሻጩ ፍሪዘር አለው? ከቀፎው እስከ ሻጩስ እንዴት መጣ? ሰፈራችሁ መብራት ስንት ጊዜ ይጠፋል? አንዴ ቀልጦ እንደገና የበረደ ፖለን ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ በረዶ ይሠራል፤ ፍሬዎቹም አንድ ላይ ተጋግረው ድንጋይ ይሆናሉ። እንደዚያ ካያችሁት ተዉት።

## የደረቀ ፖለን

ገበያ ላይ በብዛት ያለው ይኼ ነው። በ40 ዲግሪ አካባቢ በሚነፍስ አየር ደርቆ ውሃው ወደ 6 ወይም 8 በመቶ ይወርዳል። በደንብ ከተከደነና ብርሃን ካላገኘው ወራት ይቆያል። ጥቂት ቫይታሚንና መዓዛ ይከፍላል፤ በምትኩ ግን ደኅንነትና ምቾት ታገኛላችሁ።

አንዳንድ ሰው ፀሐይ ላይ አስጥቶ ያደርቀዋል። ለበርበሬ ይሆናል፤ ለፖለን አይሆንም። ብርሃን ካሮቲኖይዱን ያጠፋዋል፣ አቧራና ዝንብም አለ። ቀለሙ ገርጥቶ ሁሉም ፍሬ ሐመር ከመሰለ ፀሐይ እንደመታው ጠርጥሩ።

እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ሱቅ ግማሽ ኪሎ በላስቲክ ገዛሁ። ቤት ስፈታው ከመሐሉ እንደ ጥጥ የሆነ ክምችት ወጣ፤ ጓዳ ውስጥ የከረመ ጆንያ ይሸታል። ሙሉውን ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ ሳልነካ አልገዛም። ሁለት ፍሬ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ጫን አድርጉ። በደንብ የደረቀው ይቋቋማል፤ ቢሰበርም ፍርክስ ነው የሚለው። እንደ ሊጥ ከተጨፈለቀ አልደረቀም። ከዚያ ጠርሙሱን አዘንብሉት። ፍሬዎቹ እንደ ጤፍ መንሸራተት አለባቸው። ግርጌው ላይ ብዙ ብናኝ፣ የንብ እግር ወይም ክንፍ ካለ በወንፊት አልተነፋም።

አበላሉ ላይ አንድ ዘዴ አለ። ማታ አንድ ማንኪያ እርጎ ውስጥ ጨምሩና ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ስታዩት እያንዳንዱ ፍሬ ፈርሶ የራሱን ቀለም ጅራት እርጎው ላይ ትቷል፤ እዚህ ብርቱካንማ፣ እዚያ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ። አንዴ ካማሰላችሁት ክሬም ይሆናል። ደረቁን እንደ ቆሎ ከመቆርጠም ይልቅ ለጥርስም ለሆድም ይሻላል።

## የቦካ ፖለን

በውጭ "የንብ ዳቦ" ይሉታል። ያ በልጅነታችን የተፋነው ነገር ይኼ ነው። ንቦቹ ወጥመድ ካልገጠማቸው ፖለኑን በእንጀራው ቀዳዳ ውስጥ በራሳቸው ይጠቀጥቁታል፣ ከላይ ማር ያፈሱበታል። ውስጡ ያሉ ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ ይሠሩና ያቦኩታል። እኛ ሊጥ እንደምናቦካው ማለት ነው። የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤች፣ ወደ 4 አካባቢ ይወርዳል፤ ኮምጣጣነቱ ከዚያ ነው። ያው አሲድ ከሻጋታም ይጠብቀዋል።

በመቦካቱ ፕሮቲኑ በከፊል ይሰባበራል፤ ሆድ ይቀለዋል። ግን "ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ ይፈርሳል" ሲሏችሁ አትመኑ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብዙው ቅርፊት እንዳለ ነው። ማር ስለገባበትም ስኳሩ ከፍ፣ ፕሮቲኑ ብዙ ጊዜ ትንሽ ዝቅ ይላል።

ዋጋው የሚንረው በአወጣጡ ነው። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ተፈልፍሎ መውጣት አለበት፤ እንጀራውም ይበላሻል። የሰም ፍርፋሪ ካልተለየ ክብደቱን ሰሙ ይሞላዋል። አፍ ውስጥ እንደ ማስቲካ የሚቀር ነገር ከበዛ ሰም ገዝታችኋል።

አገር ቤት ያለ ሰው ግን አማራጭ አለው። ከባህላዊ ቀፎ የሚቆረጠው ጥሬ ማር ውስጥ ይኼው ፖለን ከሰፈፉ ጋር አለ። ጠጅ ጣዮች የሚወዱትም ጥሬውን ማር ነው። ምክንያትም አለው። ማር ብቻውን ለእርሾ የሚሆን ናይትሮጅን ያንሰዋል፤ ፖለን ሲገባበት መብላላቱ ይፋጠናል። ንብ አናቢ የምታውቁ ከሆነ ማር ሲቆረጥ "ፖለን ያለበትን እንጀራ ለብቻ አስቀምጥልኝ" በሉት። እምቢ የሚል አይመስለኝም።

## የተፈጨ፣ ከማር ጋር የተለወሰ

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። መፍጨት የተወሰነውን ቅርፊት ይሰብራል፣ ማሩ ከአየር ይከልለዋል፣ ልጅም ይበላዋል። ችግሩ ምጥኑ ነው። ዘጠኝ እጅ ማር ከአንድ እጅ ፖለን ጋር ቢለወስ፣ 20 ግራም የሚመዝን ማንኪያ ውስጥ ያለው ፖለን 2 ግራም ብቻ ነው። ቀሪው ማር ነው፤ ማር ደግሞ 80 በመቶ ገደማ ስኳር ነው። ስኳር ያለበት ሰው "ፖለን ነው" ብሎ ቢልሰው ጉድ ይሆናል። ምጥኑ ካልተጻፈበት አትግዙ።

ቤት መሥራት ይቀላል። ደረቁን በቡና መፍጫ ወይም በሙቀጫ አልሙት፣ አንድ እጁን ከአራት እጅ ማር ጋር ለውሱት። የተፈጨ ፖለን ቅባቱ ቶሎ ስለሚበላሽ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ፍጩ።

## ካፕሱል

የተለመደው ካፕሱል 500 ሚሊ ግራም ይይዛል። አንድ ማንኪያ ፖለን ለማግኘት 20 ካፕሱል መዋጥ አለባችሁ። "በቀን ሁለት" ከሚለው መመሪያ 1 ግራም ታገኛላችሁ፤ ፕሮቲኑ የእንቁላል አንድ ጥግ እንኳ አይሆንም። ቀለሙን አታዩ፣ አታሸቱ፣ አትጫኑት። ለመንገደኛና ጣዕሙን ለማይችል ካልሆነ አልመክረውም።

በተለይ "ክብደት ይቀንሳል" ከሚለው ራቁ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰዎች የንብ ፖለን ነን የሚሉ የማክሻ ካፕሱሎችን መጠቀም እንዲያቆሙ አስጠንቅቋል። አንዳንዶቹ ውስጥ መለያው ላይ ያልተጻፈ ሲቡትራሚን ተገኝቷል። ይህ መድኃኒት በልብና በስትሮክ አደጋ ምክንያት በ2010 ከአሜሪካ ገበያ የወጣ ነው። ፖለን ራሱ አያከሳም። ያከሳችሁ ፖለን ውስጡ ሌላ ነገር አለ።

ከጎኑ ተደርድረው ስለሚምታቱትም በአጭሩ። ሮያል ጄሊ ወጣት ንቦች ከእጢያቸው አመንጭተው አውራዋን የሚመግቡት ነው፤ ሁለት ሦስተኛው ውሃ ነው። ፕሮፖሊስ የንብ ሙጫ ነው፤ ግማሹ የዛፍ ሙጫ፣ አንድ ሦስተኛው ሰም፤ ምግብ አይደለም። ማር ደግሞ ፕሮቲኑ ከ1 በመቶ በታች ነው።

## ባንድ ላይ ሲታዩ

| ዓይነት | ውሃ | የሚቆየው | ለሆድ | በዓይን ማጣራት | የምትከፍሉት ለምን ነው |
|---|---|---|---|---|---|
| ትኩስ | 20–30% | ፍሪዘር ውስጥ ብቻ | መካከለኛ | ይቻላል | ለጣዕም፣ ለቫይታሚን እና ለውሃ |
| ደረቅ | 6–8% | ተከድኖ በጨለማ ወራት | ከተዘፈዘፈ ጥሩ | በደንብ ይቻላል | በአብዛኛው ለፖለን |
| የቦካ | እንደ አያያዙ | ጥሩ፣ አሲዱ ይጠብቀዋል | ከሁሉ ይሻላል | ሰሙን መለየት ያስፈልጋል | ለጉልበት |
| የተፈጨ ከማር ጋር | እንደ ማሩ | ጥሩ | ጥሩ | አይቻልም | በአብዛኛው ለማር |
| ካፕሱል | ዝቅተኛ | ረጅም | እንደ አፈጫጨቱ | አይቻልም | ለማሸጊያ |

## ዋጋ ስታወዳድሩ

ትኩሱ በኪሎ ረከስ ብሎ ሊታይ ይችላል። ውሃውን አውጡለት። 25 በመቶ ውሃ ያለው አንድ ኪሎ ትኩስ 750 ግራም ደረቅ ነገር አለው። 7 በመቶ ውሃ ያለው አንድ ኪሎ ደረቅ 930 ግራም አለው። ስለዚህ የትኩሱን ዋጋ በ1.24 አባዙና ከደረቁ ጋር አወዳድሩ። ለካፕሱል የጠርሙሱን ካፕሱል ቁጥር በ0.5 ግራም አባዙ፤ 60 ካፕሱል 30 ግራም ነው፤ ሦስት ማንኪያ። ዋጋውን ከዚያ ከደረቁ ሦስት ማንኪያ ጋር አስተያዩ። ከዚህ በኋላ የምለው የለኝም።

## ለማን የቱ?

ጤነኛ ናችሁ፣ ቁርስ ላይ አዲስ ነገር መሞከር ፈልጋችኋል፦ ቀለሙ የተቀላቀለ ደረቅ፣ ሩብ ኪሎ። ከዚያ በላይ አትጀምሩ።

ፍሪዘር አላችሁ፣ ንብ አናቢውንም ታውቁታላችሁ፦ ትኩሱን። በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ አስቀምጡ፤ በየቀኑ ትልቁን ጠርሙስ እየከፈታችሁ አታሙቁት።

ሆዳችሁ አስቸጋሪ ነው፦ የቦካውን በትንሹ። ውድ ከሆነባችሁ እርጎ ውስጥ ያደረውን ደረቅ።

ጂም የምትሄዱና ፕሮቲን የምትፈልጉ፦ አትግዙ። በዚያው ብር እንቁላል ወይም ምስር ብዙ እጥፍ ፕሮቲን ይሰጣችኋል። ደም አንሶኛል የምትሉም እንዲሁ፤ ሐኪም ጋ ሂዱ እንጂ ፖለን ብረቱን አይመልስም።

በጀቱ ጠበብ ያለበት ሰው ሳይገዛ ቢቀር የሚቀርበት ነገር የለም። ይኼን ሻጮች አይነግሯችሁም።

አውሮፓ ያላችሁ ከዚያው አገር መደብር ስትገዙ ከላይ ያልኩት የአልካሎይድ ገደብ እንደሚመለከተው አትርሱ። ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣው ያልተመረመረ ነው፤ አበባውን ጠይቁ።

## ፖለን የማይሆነው ለማን ነው?

ይኼን ክፍል አትዝለሉት። ለአበባ ዱቄት ወይም ለንብ አለርጂ ያለበት፣ አስም ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር። ፖለን በልተው ጉሮሯቸው ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠራቸው ሰዎች በሕክምና ተመዝግበዋል። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውም አይጀምር፤ ደሙ ከሚገባው በላይ የቀጠነበት ታካሚ ተመዝግቧል። እርጉዝና አጥቢ ብትተወው ይሻላል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን እንደ ማር ሁሉ ፖለንም አይሰጥም።

"የአካባቢህን ፖለን ብላ፣ የአበባ አለርጂህ ይድናል" የሚል ምክርም ይዞራል። አለርጂውን በአብዛኛው የሚያመጣው በነፋስ የሚበን የሣርና የዛፍ ዱቄት ነው። ንብ የምትሰበስበው ደግሞ በዋናነት ከሚያብረቀርቁ አበቦች የሚገኘውን የሚጣበቀውን ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አይገናኙም።

ማንም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ። ማንኪያ አይደለም፣ ፍሬ። አንድ ቀን ጠብቁ። ከንፈር ካሳከከ፣ ፊት ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ቶሎ ወደ ሕክምና። ምንም ካልሆናችሁ በየቀኑ ጥቂት እየጨመራችሁ በሁለት ሳምንት ማንኪያዋ ጋ ትደርሳላችሁ።

## ለሻጩ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

መቼ ተሰበሰበ? የትኛው አበባ ላይ? በምን ደረቀ? ንብ አናቢው ራሱ ከሆነ አንድ ጨምሩበት፦ ወጥመዱን ስንት ቀን ነው የምትተወው? አንድ መንጋ በዓመት ከ20 እስከ 40 ኪሎ ፖለን ለእጮቹ ይፈልጋል። ወጥመዱን ጭራሽ የማያነሳ ሰው ከእጮቹ አፍ እየነጠቀ ነው። "ጥቂት ቀን አደርገዋለሁ፣ ከዚያ አነሳዋለሁ" ካላችሁ ከእሱ ግዙ። ፖለኑን በየቀኑ ከመሳቢያው የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ስልኩን ያዙ።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ሩብ ኪሎ ደረቅ ገዛች። የስምንት ዓመት ልጇ በሁለት ፍሬ ጀምሮ አሁን ጠርሙሱን አዘንብሎ ብርቱካንማዎቹን ብቻ እየለቀመ ይበላል። ግራጫዎቹን ለእናቱ ይተዋል። የባቄላዎቹ ሳይሆኑ አይቀሩም።